በአጎት በረት ያደረ ቆርቆሮ

ቢያዝን ደመወዝ በተቀበለ ማግስት ብድር ጠያቂ አያጣም። ከትውልድ አገሩ ከአንበሳሜ ለሕክምና የመጣው፣ ለክርክር የመጣው፣ እንዲሁ ባሕር ዳርን ሊያይ የመጣው ሁሉ ግሽ አባይ ሰፈር ካለችው የኪራይ ቤቱ ያድርና ሲሄድ እጁን ይዘረጋል። ቢያዝን ደግሞ እያለው «የለኝም» ማለት አይሆንለትም።

«ባንክ አስገባው» ትለዋለች ሚስቱ የሺመቤት።

«ከባንክ እኮ በፈለግሁት ቀን ይወጣል። እነሱም ያውቁታል።»

ስለዚህ ከሚሠራበት ፋብሪካ ያገኘውን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይዞ ሄደና ዳለቻ ጥጃ ገዝቶ አንበሳሜ፣ ከአጎቱ ከአያ ክንዱ በረት አስገባት። ለእናት አገር ጥሪ ተቆርጦ ከተረፈው ደመወዝ ላይም በየወሩ ለጨውና ለድርቆሽ ይልካል። ብድር ጠያቂ ሲመጣ ኪሱን ገልብጦ ያሳያል፤ አልዋሸም።

ጥጃዋ ጊደር በሆነች ጊዜ የሠራተኞቹ የቤት ሠሪዎች ማኅበር ቦታ ተመራ። እስከ ሰኞ የጣሪያ ቆርቆሮ ዋጋ ያላስገባ አባል ቦታው ለተጠባባቂ ያልፋል ተባለ። ቢያዝን ከሐሙሲት ከብት ነጋዴ ጋር ዋጋ ተስማምቶ ቅዳሜ ጊደሯን ሊያመጣ ሄደ።

በረቱ ውስጥ ሁለት በሬዎች ብቻ ቆመዋል።

«አያ፣ ጊደሬ ለግጦሽ ወጣች እንዴ?»

«የቷ ጊደር?»

«ዳለቻዋ ነቻ!»

«እሷንማ ለእናቴ ተዝካር አረድኋት።»

«ሳይነግሩኝ?»

«ምኑን ልንገርህ? መጥተህ የለም? ከቀሳውስቱ ቀጥሎ አስቀምጬህ ‹አያ፣ እንዲህ ያለ ሥጋ በልቼ አላውቅም› ያልኸኝ አንተ አይደለህ?»

ብሎ ነበር። አስጨምሮም ነበር።

«የማን እንደሆነች መቼ አወቅሁ!»

«ቄሱ ‹ለቢያዝን ያብዛለት› ሲሉ አሜን ያልኸው ታዲያ ስለ ምን መስሎህ ነው?»

«ባለፈው ወር፣ ከተዝካሩ በኋላ፣ ለጨው የላክሁትስ?»

«ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሬዎቹ ላሱት።»

ቢያዝን ሊጮኽ ፈለገ፤ ግን በአያቱ ተዝካር ላይ፣ ያውም ሽማግሌ ፊት ቆሞ ሒሳብ እንዴት ይጠየቃል? «ለመኸር አንድ ነገር አላጣልህም» አሉ አያ ክንዱ፤ ሲሸኙትም አንዲት ዶሮ አስያዙት።

የሺመቤት ዶሮዋን አየችና «ይቺ ናት ጊደሯ?» አለች። የሆነውን ሁሉ ሲነግራት አንገቷን ደፋች። «እኔም እኮ ከተዝካሩ ሥጋ ለልጆቹ ቋጥሬ አምጥቼ ነበር።»

ሰኞ ቢያዝን ማኅበሩ እስከ መኸር እንዲታገሠው ለመነ። «ጓድ ቢያዝን፣ ማኅበሩ መኸር አያውቅም» አለ ጸሐፊው፤ ቦታውንም ለተጠባባቂው ለሣህሉ አሳለፈው።

በደመወዝ ቀን ቢያዝን ቤቱ ሲገባ ከአንበሳሜ የመጣ እንግዳ ተቀምጦ አገኘ። እግሩን ታጥቧል።

«አያ ክንዱ ጨው አልቋል ብለዋል» አለ እንግዳው።

ቢያዝን እጁ ሳያስበው ወደ ኪሱ ሄደ። የሺመቤት ቀድማ ደመወዙን ከኪሱ መዥርጣ አወጣች።

«ጨው የምትልሰዋ ተበልታለች በላቸው» አለችው እንግዳውን፤ ደመወዙንም መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።