ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት

ወንድሜ ኔስተር የጎረቤታችንን የእህል ጎተራ አቃጥለሃል ተብሎ ስድስት ዓመት ተፈርዶበታል። እሱ አላቃጠልኩም ይላል። ጠበቃው ከፍርዱ ወዲህ ስልክ ስለማያነሳ ይግባኙን የማሰናዳው እኔ ነኝ። ቀነ ገደቡ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ያልቃል።

ፍርድ ቤቱ የችሎቱን ግልባጭ ሙሉውን በአራት ቅጂ ይፈልጋል። አንድም ገጽ እንዳልጎደለ ፈርሜ ማረጋገጥ አለብኝ። ሦስት ቀን ገጽ ስቆጥር ሰንብቼ አሁን ደስታም ሐዘንም አይሰማኝም፤ የሚያመኝ ጣቴ ብቻ ነው።

"ይኼ ፍርድ ቤት ነው ወይስ ማተሚያ ቤት?" አሉ አባቴ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት መብሻውን እየተጫኑ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ቁጭ ብሎ ማየት አይሆንላቸውም።

"አባባ፣ ዝም ብለው ይብሱ። አያንብቡ፣ ዓይንዎን ያምዎታል።"

"የኔ ዓይን ካንቺ ይሻላል። ትናንት መነጽሯን ራሷ ላይ ሰክታ ስትፈልግ የዋለችው ማን ነበረች?"

የፈራሁት ለዓይናቸው አልነበረም። በችሎቱ ሰሞን ካኖላ የሚባለውን የዘይት እህላችንን እያጨዱ ስለነበር አልመጡም። ምን ብለሽ መሰከርሽ ሲሉኝ "አላስታውስም አልኩ" ብያቸዋለሁ። የኔን ምስክርነት ራሴ ልበሳው ብዬ ለብቻው አስቀምጬ ነበር። ክላሰር አንሶኝ ሱቅ ደርሼ ስመለስ ግን ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እጃቸው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድምሽ ቤት ሲገባ ልብሱ ምን ይሸት ነበር?

መልስ፦ ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር።

"ዳርያ፣ ይኼን ያልሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ አባባ።"

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። የወለዱት እሳቸው፣ የተናገርኩት እኔ። አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅኩ፤ እንባው አልመጣም። የቀይ ሥር ሾርባችን፣ ቦርሹ፣ ምድጃው ላይ ይንተከተካል፤ የሚያወርደው ጠፋ።

አባቴ ቀና ብለው ሰዓቱን አዩ። ስምንት ተኩል ሆኗል፤ ፍርድ ቤቱ ያለበት ከተማ ሬጂና ደግሞ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ገጹን መብሻው ውስጥ አስገብተው ተጫኑ። ሁለተኛውን ቅጂ በሱ። ሦስተኛውንም በሱ። ከዚያ ቀና ሳይሉ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"አራተኛውን አምጪ። አንድ ገጽ ከጎደለ አይቀበሉትም ብለሽኛል።"