ሦስተኛ ወገን

የወፍጮው ቺንጋ ከግድግዳው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ኤጀታ ሦስት ጊዜ በናፍጣ ጠርጎታል፤ ሆኖም በስፌቱ መሀል አንዲት ቀጭን የነጠላ ክር ቀርታለች። ዛሬም ጠዋት በጥፍሩ ሊያወጣት ሞክሮ ተዋት። ቺንጋው የእህቱን ነጠላ ይዞ ክንዷን ከወሰደ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ወፍጮው አልተነሳም።

የኢንሹራንሱ መርማሪ ዓምደ ሚካኤል የፈረንሳይ ለጋሲዮንን ዳገት በእግሩ ወጥቶ ሲደርስ ያለከልክ ነበር። ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠና ፋይሉን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ጓድ ኤጀታ፣ ውል ሲገቡ ሁለት ዓይነት ቀርቦልዎት ነበር፤ የሠራተኛ ጉዳትና የሦስተኛ ወገን። ለምን የሦስተኛ ወገኑን መረጡ?»

ኤጀታ አንገቱን ደፋ። ሁለቱንም ለመግባት አቅም አልነበረውም። ያን ቀን ወረቀቶቹን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ አሰበ። ሠራተኛ የለውም፤ ያለችው ጫልቱ ብቻ ናት፤ የእናቱ ልጅ፣ ያለ ደመወዝ እህል የምትመዝንለት። እህት ደግሞ ወገን እንጂ ሠራተኛ አትባልም። አንደኛው ወገን እኔ፣ ሁለተኛዋ ሚስቴ፣ ሦስተኛዋ ጫልቱ ብሎ ቆጠረና ደስ ብሎት ፈረመ። ሲነግራት ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ምሳ ላይ ዘግይታ ከደረሰች፣ «ለሦስተኛ ወገን አልተረፈም እንዴ፣ ጋሼ?» ትል ነበር።

«ወገን ስለሚል ነው» አለ ኤጀታ ቀስ ብሎ።

መርማሪው አልሳቀም። «ብዙ ሰው ይሳሳታል። በውሉ ቋንቋ ሦስተኛ ወገን ማለት ባዳ ነው። ላስፈጭ ብሎ የመጣ፣ በደጅ የሚያልፍ። ቤተሰብና ሠራተኛ አይገቡበትም።» የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለ። «የተጎዳችው ሴት ምንዎት ናት?»

«እህቴ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ቆመ። ጫልቱ ሁለት ልጆች አሏት፤ አባታቸው ሰሜን ዘምቶ ደብዛው ከጠፋ ዓመት አልፏል። በአንድ እጅ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክሞ አይወረድም፤ በአንድ እጅ የሰው ልብስ አይታጠብም። ካሳው ካልተከፈላት ልጆቿ የሚበሉት የለም። ኤጀታ ግን የጸሎት ቤታቸው በካድሬዎች በታሸገበት ዓመት፣ «እምነቴን ትቻለሁ ብለህ ፈርም» ሲሉት እምቢ ብሎ ስምንት ወር የታሰረ ሰው ነው። ጌታውን ያልካደ አፍ እህቱን እንዴት ይክዳል?

«አልሰማሁዎትም» አለ መርማሪው።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ጫልቱ ነበረች። ባዶው እጅጌዋ በመርፌ ቁልፍ ትከሻዋ ላይ ተይዟል፤ በደህናው እጇ ትንሽ የገብስ ከረጢት አንጠልጥላለች። ሆስፒታል ሳለች የውሉን ነገር ያስረዳት ሰው ሳይኖር አልቀረም። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትገባ ቀጥታ ወደ ሚዛኑ ጀርባ ነበር የምታልፈው። ዛሬ ከሚዛኑ ወዲህ፣ አስፈጪዎች በሚቆሙበት ቆመች።

«የተጎዳሁት እኔ ነኝ» አለች። «ደንበኛ ነኝ። የዚያን ቀንም ላስፈጭ ነበር የመጣሁት።»

«ስምሽ?»

«ጫልቱ ጉደታ።»

መርማሪው ፋይሉን አየ። ኤጀታ ዋቅጅራ ይላል። በአንድ ጀርባ ታዝለው፣ አንድ ጡት ጠብተው ያደጉት ሁለቱ፣ አባታቸው የተለያየ መሆኑን በዕድሜያቸው አንስተውት አያውቁም። ዛሬ ገና ከአፏ ወጣ።

«ዝምድና የላችሁም?»

«ጓድ ኤጀታን የማውቃቸው በወፍጮ ነው።»

ጓድ። ያሰሩት ሰዎች እንኳ ሲጠሩት እንዲህ አልከበደውም ነበር።

«ልክ ነው?» አለ መርማሪው ወደ እሱ ዞሮ።

ኤጀታ ራሱን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች ነቀነቀ።

መርማሪው ጻፈ። ሊነሳ ሲል ከሚዛኑ ጀርባ የተሰቀለውን ዱቄት የጠገበ የሴት ሽርጥ አየ። ሌላ ምንም ሳይጽፍ ፋይሉን ዘጋ። «እግዜር ያጽናችሁ» አለና ወጣ።

ኤጀታ እጁን ወደ ከረጢቱ ዘረጋ። «ነይ እንጂ፣ ጫልቱ። ምን እዚያ ይገትርሻል? ቦታሽ ወዲህ ነው።»

ከረጢቱን አልሰጠችውም።

«ወረፋዬን ልጠብቅ፣ ጓድ ኤጀታ» አለች።

በወፍጮ ቤቱ ሌላ ሰው አልነበረም። የመርማሪውም ኮቴ ከዳገቱ በታች ጠፍቷል። ኤጀታ የእህቱን የከንፈር ጥግ አየ፤ ሳቋ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነበር። እጁን እንደዘረጋ ሳቋን ጠበቀ።