«ይሠራል አይደል?»

ምራትየዋ በባሏ ታላቅ ወንድም ላብራቶሪ በኮምፒውተር ባለሙያነት ከተቀጠረች ጀምሮ አንድ ልመና ብቻ ነበራት፤ እሱንም ለምና ለምና አፏ ደርቋል። ላብራቶሪው ደምና ሽንት ይመረምራል፤ ታካሚዎች እቤታቸው ሆነው በስልካቸው ውጤታቸውን የሚያዩበት ድረ ገጽም አለው። ድረ ገጹን የሚያቀርበው ኮምፒውተር ከናሙና ማቀዝቀዣዎቹ ክፍል ጥግ፣ ከጓንት ካርቶኖች ጀርባ ተሸጉጦ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። በውስጡ ያለው ዌብ ሰርቨር፣ ማለትም ገጹን ለጠየቀው ስልክ ሁሉ የሚያደርሰው ፕሮግራም፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ነፃ ሶፍትዌር ነው። በዚህ ቅሬታ የላትም። ያቃጠላት እርጅናው ነው፤ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው «ይህን ቨርዥን ከእንግዲህ አንጠግንም፣ ወደ አዲሱ እለፉ» ብለው ከተሰናበቱት ዓመታት አልፈዋል።

የባሏን ወንድም ጋሼ ነው የምትላቸው። ወደ አዲሱ እንለፍ ብላ ለጋሼ ያላስረዳችበት መንገድ የለም።

«ይሠራል አይደል?» ይሏታል፣ ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሱ።

«ይሠራል፤ ግን ቀዳዳውን ዓለም ያውቀዋል። ማንም ሥራ ፈት እንዴት እንደሚገባ ከኢንተርኔት አንብቦ ሊገባ ይችላል።»

«ነፃ ነው ብለሽኝ የለ እንዴ? የነፃ ነገር ደግሞ ምን ያረጃል?»

«ጋሼ፣ አዲሱም እኮ ነፃ ነው!»

«ሁለቱም ነፃ ከሆኑ ታዲያ ምን አለያያቸው?»

ጋሼ ማደሱን የሚፈሩት በምክንያት እንደሆነ ግን አላጣችውም። የውጤቱን ፕሮግራም የጻፈው ሰው ሥራውን ለቆ ሄዷል፤ የጻፈውም ለዚያው ለአሮጌው ነው። እሷ ከመምጣቷ በፊት አንዱ ላድስ ብሎ ነካክቶት ውጤቱ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ፣ ታካሚው በር ላይ ሲጮህ ውሏል። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

«አንድ ቀን ብቻ ልዝጋው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል» ትላለች።

«አንቺ ደግሞ እሳት በሌለበት ቅጠል ተሸክመሽ ትዞሪያለሽ።»

ቤቷ ገብታ ለባሏ ብትነግረው፣ «ወንድሜን ታውቂው የለ» ይላል ሳህን እያጠበ።

«ማወቄማ ነው የገደለኝ!»

ከዚያ የስልክ ጥሪው ጀመረ። ታካሚዎች ድረ ገጹን ሲከፍቱ ስልካቸው «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» ማለት አመጣ። ጋሼ አሁን ይነቃሉ ብላ ስትጠብቅ፣ እሳቸው እንግዳ ተቀባይዋን «‹ግድ የለም፣ ቀጥል› የሚለውን ይጫኑ በያቸው!» ብለው አዘዟት። ምራትየዋ ከግድግዳው ወዲያ ሆና ሰማች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አንድ ማለዳ አማቷ ደወሉ። ድምፃቸው በደስታ ይንቀጠቀጣል።

«ልጄ፣ እልል በይልኝ! ደረሰኝ!»

«ምን ደረሰዎት፣ እማዬ?»

«ስኳሬ ስንት ገባ ብዬ የናንተን ብከፍት፣ ‹እንኳን ደስ አለዎት፣ አሸንፈዋል› ይለኛል። ቀይ ኳስ ይሽከረከራል፣ ወርቅ ይዘንባል። የባንክ ቁጥርሽን አስገቢ ብሎኝ መነጽሬን እየፈለግሁ ነው።»

«እማዬ! መነጽሩን ይተዉት! በእግዜር፣ ምንም እንዳይነኩ!»

«ምነው ልጄ፣ ሌላ ሰው ይቀድመኛል?»

ስልኩን ለባሏ አቀብላ «እናትህን ያዝልኝ» ብላ ወጣች። ላብራቶሪው ደርሳ ብታየው የከፈተችው ገጽ ሁሉ ቁማር ነው። የሰው ደም ማነስ፣ የሰው እርግዝና፣ የሰው ጉበት ከኳሱ ሥር ተኝቷል፤ ማን እንዳየው ማን ያውቃል? አንዴም ሳታመነታ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለችው።

ጋሼ ነጭ ጋውናቸውን እየቆለፉ መጡ።

«ማን ዝጊው አለሽ? አንቺስ ባለሙያ ተብለሽ ተቀምጠሽ ይሄ እንዴት ይሆናል?»

በሕይወቷ ጋሼ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አሁን ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች።

«እኔን ነው? ስነግርዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው፣ አሁን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

ጩኸቱን ሰምታ በሩ ላይ ብቅ ያለችው እንግዳ ተቀባይ እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ። በተረቱ ውስጥ ውሻው ማን እንደሆነ ለሦስቱም አንድ ላይ ገባቸው።

«ውሻ አልሽኝ?»

«ተረት ነው፣ ጋሼ።» «ለእማዬ ስኳራቸውን ሳይሆን ‹አሸንፈዋል› ነው ያላቸው። የባንክ ቁጥራቸውን ሊሰጡት ነበር።»

«እማዬ አይታዋለች?»

«መነጽር መጥፋቱ ነው ያተረፋቸው።»

ጋሼ የጓንቱ ካርቶን ላይ ዘፍ አሉ፤ ካርቶኑም አብሯቸው ዘፍ አለ። «በይ እንግዲህ፣ ያልሽውን አድርጊ» አሉ።

የተባለችውን ማድረግ ቀላል አልነበረም። በባዶ ኮምፒውተር ላይ አዲሱን ቨርዥን ጫነች፤ መረጃውን እያጣራች አሻገረች። የድሮው የውጤት ፕሮግራም እንደተፈራው አንዱን ስትጠግን ሌላው ይፈርሳል። ታካሚው ውጤቱን በወረቀት ለመውሰድ እስከ መንገድ ተሰለፈ፤ የሰልፉም እርግማን ለእሷው ነበር። በመጨረሻ ገጹ ሲከፈት ቁጥሩ ሁሉ ትክክል፣ የሰው ስም ግን ከዳር እስከ ዳር የጥያቄ ምልክት ሆኖ ወጣ።

«አላልኩም? የሰውን ስም በላሽብኝ!» አሉ ጋሼ።

«ስሙ አልጠፋም፣ ፊደሉን ማንበብ ነው ያቃተው!» አለች ጥርሷን ነክሳ። ፊደል ማንበቢያውን አስተካከለች፤ ስሞቹም አንድ በአንድ ተመለሱ።

ከሁሉ የከበደው ማስታወቂያው ነበር። መረጃቸውን ሌላ ሰው አይቶት ሊሆን እንደሚችል ለታካሚዎቹ ይነገር አለች። ጋሼ «በገዛ አፌ ልዋረድ?» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ያሳመኗቸው እናታቸው ናቸው፤ «የኔን ስኳር ጎረቤት ካየው ማወቅ አለብኝ» አሏቸው። ማስታወቂያው በር ላይ ተለጠፈ። አንዳንዱ ታካሚ አንብቦ ተናደደ፤ አንዳንዱም ወጥቶ ሄደ፣ አልተመለሰም።

ነገሩ በረድ ካለ በኋላ አንድ ጡረተኛ መምህር መስኮቱ ጋ ቆመው፣ «አሁንስ ገጻችሁ ወዲያው ይከፈታል» አሉ።

«አሳድሰነዋል» አሉ ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው። «እኔ እኮ ያረጀ ነገር አልወድም።»

ምራትየዋ የገመድ ጥቅልል ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ እያለፈች ነበር። ቆመች። አፏን ከፍታ ዘጋችው፤ እንደገና ስትከፍተው የወጣው ሌላ ነገር ነው።

«እንዲያውም ጋሼ ከእንግዲህ በየወሩ ለጥቂት ሰዓት እየዘጋን እንድናድሰው ወስነዋል» አለቻቸው ለመምህሩ። «የፊታችን ሐሙስ እንጀምራለን።»

«እሰይ! ኃላፊ እንዲህ ነው እንጂ» አሉ መምህሩ።

ጋሼ ምራትየዋን በመነጽራቸው አናት አዩዋት። ከዚያ መምህሩን አዩ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀድማ «ሐሙስ» ብላ መጻፍ ጀምራለች።

«አዎ፣ እሱማ… ሐሙስ ነው» አሉ።

ምራትየዋ እጅ ነስታ መንገዷን ቀጠለች።

«ጠዋት ግን አይሆንም!» ብለው ጮኹባት ከኋላዋ። «ሰው ይበዛል!»

«ከሰዓት» አለች፣ ሳትዞር።