ለአንድ ቀን ብትሞቺ ምን ትሆኛለሽ?

መሞቴን ያወቅኩት ቅዳሜ ጠዋት፣ ባልዲ ተሸክሜ በትምህርት ቤታችን በር ስገባ ነው።

አጥሩ ላይ በተወጠረው ባነር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የተነሳሁት ፎቶ አለ። ራሴ ላይ አንድ ፀጉር የለም፣ የፊት ጥርሴ ወልቋል፣ አፌ ግን በሳቅ እስከ ጆሮዬ ተከፍቷል። ሕክምናዬን የጨረስኩ ቀን ሆስፒታል ውስጥ ያነሱኝ ነው። ለክበባችን የሰጠሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ እወደዋለሁ። ያልሰጠሁት ከሥሩ የበራውን ሻማ ነው። ትልቅ ሻማ፣ ነጭ አበባ፣ ዙሪያውን ጥቁር ክፈፍ! «ለሕፃናት ካንሰር ምርምር መኪናዎን እናጥባለን» የሚለው ጽሑፍማ አበባው ሥር ተወሽቋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት ሊቀመንበሩን። የክበባችን ኃላፊ ነው፤ ስብሰባ ሳይጠራ ውሃ አይጠጣም።

«ሻማ ተስፋ ነው እኮ» አለኝ። «ኮምፒውተር ላይ ተዘጋጅቶ አገኘሁት፤ ሲያምረኝ ጊዜ ፎቶሽን አስገባሁበት።»

«አንተ ልጅ፣ ቀብረኸኛል!»

ዞሮ አየው። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ግን መኪኖቹ መሰለፍ ጀምረው ነበር። የመጀመሪያዋ ደንበኛ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ባነሩን አይተው «አይ የልጅ ነገር! ነፍሷን ይማር» አሉና ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳጥኑ ውስጥ ጠቀም ያለ ገንዘብ ከተቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የኋላ መስታወቱን አደራ፣ ደህና አድርገሽ አጽጂልኝ» አሉኝ። የዝናብ ልብሴን ኮፍያ እስከ ቅንድቤ ስቤዋለሁ፤ ፀጉሬም አሁን ትከሻዬን አልፏል። በምን ይለዩኝ?

«አየሽ?» አለኝ ሊቀመንበሩ በሹክሹክታ። «ለአንድ ቀን ብትሞቺ ምን ትሆኛለሽ? ለምርምሩ እኮ ነው።»

ደሜ ፈላ። ግን ምርምሩን ሲጠራብኝ ሆስፒታሉ ትዝ አለኝ። ሆስፒታል ሳለሁ ከጎኔ የምትተኛ ልጅ ነበረች። በሽታችን አንድ፣ መድኃኒታችን አንድ። ነርሷን አስመስላ ስትራመድ በሳቅ ትገድለኝ ነበር። እኔ ድኜ ወጣሁ፤ እሷ አልወጣችም። ለምን? ሐኪሞቹን ስጠይቃቸው «ገና አላወቅነውም» አሉኝ። ያ መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ክበቡን ያቋቋምነው ይህንኑ የሚያጠኑትን ተመራማሪዎች ለማገዝ ነው። እንግዲያው ልሙት ብዬ ጥርሴን ነክሼ ስፖንጄን አነሳሁ።

ሰዉ እያዘነ ሰጠ፣ እኔም እየተቀበርኩ ጎማ አሸሁ። አንዱ «ዘመዷ ነሽ?» ቢለኝ «በጣም እንቀራረባለን» አልኩት።

እኩለ ቀን ገደማ የአባቴ እኩያ የሆኑ የታክሲ ሹፌር ገቡ።

«ጋሼ፣ መስኮቱን ይዝጉት፣ ውሃ ሊገባብዎት ነው» አልኳቸው።

አልሰሙኝም። እጃቸው መሪው ላይ፣ ዓይናቸው ባነሩ ላይ ቀርቷል።

«መቼ ነው የሞተችው?» አሉኝ።

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ፦

«ይህች ፎቶ ልጄ የተኛችበት የሆስፒታል ክፍል ግድግዳ ላይ ከሌሎች ልጆች ፎቶ ጋር አለች። ድነው የወጡት ልጆች ናቸው ብለውን ነበር። ልጄ 'ጥርሰ ወላቃዋ' ነው የምትላት። መርፌ ሲመጣ እሷን እሷን እያየች 'ጥርሰ ወላቃዋ ከቻለች እኔም እችላለሁ' ትልና እጇን ትሰጣለች።» ሰዓታቸውን አዩ። «ዛሬም ከሰዓት መርፌ አላት። በምን ዓይኔ ልያት? ዋሽቼ ልግባ?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሞቴ ማንንም የሚጎዳ አልመሰለኝም ነበር።

«አንዴ ይጠብቁኝ» አልኩና የባልዲውን ውሃ ደፍቼ፣ ባልዲውን ገልብጬ ወጣሁበት። የባነሩን ጫፍ ጨብጬ መጎተት ስጀምር ሊቀመንበሩ እየሮጠ መጣ።

«ምን ነካሽ? ከቀደድሽው ማን ይሰጠናል?»

«የሞተ ብቻ የሚያሳዝነው ሰው ይቅርብን!»

ሻማውን ከነአበባው ሸረከትኩት። ኮፍያዬን ወደ ኋላ ገፍቼ ወደ ሰልፉ ዞርኩ። ድምፄ እንደ ጡሩምባ ነው፤ እናቴ ስትቆጣኝ የኖረችበት ጉሮሮ ለዛሬ ጠቀመኝ።

«ፎቶው የኔ ነው! አልሞትኩም! ከእኔ በፊት ለታመሙት ልጆች ሐኪሞች ስለተመራመሩላቸው ነው የዳንኩት። አሁን ላሉት ደግሞ እኛ እናጥባለን! ለቀብር መስሎት የሰጠ ካለ ይምጣና ይውሰድ!»

ያ «ዘመዷ ነሽ?» ያለኝ፣ መኪናውን እያደረቀ የቆየ ሰውዬ «ታዲያ ምን አስለቀሰን?» እያለ ገንዘቡን ተቀብሎ ወጣ። ሌላ መኪናም ሳይታጠብ ተከተለው። ሊቀመንበሩ ሳጥኑን አቅፎ ሊያለቅስ ደረሰ። አላዘንኩለትም፤ የቀሩት መኪኖች እስኪመሽ ያሠሩናል፣ ካልበቃ ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንወጣለን።

ሹፌሩ ከመኪናቸው ወርደው ነበር። ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ፎቶውን አዩ።

«ጥርስሽ በቅሏል» አሉኝ።

ለማልቀስ ጊዜ አልነበረንም። «ሊቀመንበር፣ ና ፎቶ አንሳኝ!» አልኩና የሹፌሩን ስልክ ተቀብዬ ሰጠሁት። ከነአረፋዬ ታክሲውን ተደግፌ፣ እንደ ድሮው አፌን እስከ ጆሮዬ ከፈትኩ።

«ምን ብዬ ላሳያት?» አሉ ሹፌሩ፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«ጥርሰ ወላቃዋ መኪናችንን አጠበችልን ይበሏት» አልኳቸው። «አሁን ይግቡና መስኮቱን ይዝጉ፤ መርፌው ሳይደርስ ልጨርስልዎ።»