ጥፋተኛው ብሎን

አቶ ወርቁ የማያስታርቁት ጠብ አልነበረም። አዲስ አበባ ሳሉ ባልና ሚስቱም፣ ወንድማማቹም፣ አጥር የተጋፋውም እሳቸው ፊት ቀርቧል። ሽምግልናቸውን አልቀበልም ያለው ደርግ ብቻ ነው፤ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ተሰደው የሚኖሩትም ለዚሁ ነው።

አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ አብሯቸው ቸርች የሚሄደው ረታ ቤት ብቅ ሲሉ፣ ረታን ብስክሌቱን ዘቅዝቆ፣ እጁ በግራሶ ተለውሶ አገኙት። ምስኪን፣ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከከተማው ማዶ ሩንዳ ሰፈር መድረስ አለበት። ሦስት ዓመት ሥራ ሲለምን ኖሮ፣ ገና አሁን ለአንድ መሥሪያ ቤት በብስክሌት ደብዳቤ የማድረስ ሥራ ተገኝቶለታል፤ "ካረፈድክ አትምጣ" ተብሏል። ብስክሌቱ ግን ማርሹ ወደ ትልቁ ጥርስ በተቀየረ ቁጥር ካቴናውን ወደ ውጭ ይተፋል። ብስክሌት የሚጠግነው የሰፈሩ ፉንዲ ደግሞ እሁድ ብሎን አይነካም።

"ጠቡ ምንድን ነው?" አሉ አቶ ወርቁ ወንበር ስበው።

"እነዚህ ሁለት ብሎኖች ናቸው ጋሼ። አንዱ ካቴናው ወደ ውስጥ እንዳያልፍ ይከለክላል፣ አንዱ ወደ ውጭ። የውጭኛው ስለላላ ላጠብቀው ነው።"

"አንዱን ብቻ? ልጄ፣ ሀራካ ሀራካ አትበል፣ ምን አስቸኮለህ? የአንድ ወገን ጥፋት የት አይተህ ታውቃለህ? ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ዙር አላላቸው፤ ይቻቻሉ።"

ረታ እንደማይሆን ያውቃል። ግን አባት የሚሆኑ ሰው ወንበር ስበው ተቀምጠው "ተሳስተዋል" ይባላል? አላላቸው። ካቴናው አሁን በውጭም በውስጥም ይወድቅ ጀመር።

"አየህ፣ አሁን እኩል ሆኑ!" አሉ አቶ ወርቁ። ሌላ ግማሽ ዙር አዘዙ፤ ካቴናው ፔዳሉ ላይ ተጠመጠመ። "በቃ፣ ይብረድላቸው" ብለው፣ ጸልየው፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ።

የረታ ሚስት ጥሩወርቅ ይህ ሁሉ ሲሆን በረንዳው ላይ ልብስ ትሰፋ ነበር። ባለፈው ወር ረታ የፍሬን ሽቦ በልብስ መቀሷ ቆርጦ መቀሱን አዶልዱሞባት፣ እሷም ጮኻ፣ አቶ ወርቁ ሁለቱንም እኩል ጥፋተኛ አድርገው ይቅርታ አስባብለዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ መቀሱም አይቆርጥ፣ እሷም አትስቅ።

"ረታ፣ የላላው የውጭኛው ነው አላልክም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ የውስጠኛው ምን አጠፋና ነው የነካችሁት? እንደኔ ጮኸ?"

ረታ መቀሱን አየት አድርጎ መፍቻውን አነሳ። ፊቱ ጋለበት። የውስጠኛውን ወደ ቦታው መለሰው፤ የውጭኛውን መልሶ ካጠበቀ በኋላ ሩብ ዙር ጨመረበት። ፔዳሉን በእጁ እያዞረ ማርሹን ቀየረ። ካቴናው ትልቁ ጥርስ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ። አወረደው፣ መልሶ አወጣው፤ ንቅንቅ የለም።

ሰኞ ሩንዳ የደረሰው በሩ ሳይከፈት ነው። ሥራውን ያዘ።

በሚቀጥለው እሁድ ቸርቹ ደጃፍ ላይ አቶ ወርቁ ሰው ሁሉ እየሰማ "እህ፣ ብሎኖቹ ታረቁ?" አሉት።

ረታ "ታረቁ" ሊል አፉን ከፈተ። ጥሩወርቅን አያት።

"አልታረቁም ጋሼ። ጥፋቱ የአንዱ ብቻ ነበር። መቀሱንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ምንም አላጠፋችም።"

"መቀሱን ደግሞ ምን አመጣው?" አሉ አቶ ወርቁ ግራ ተጋብተው።

ጥሩወርቅ ግን ገብቷታል። እየሳቀች የባሏን ክንድ ያዘች።