ወንበሩን ያላወጣው ሾፌር

ይህ ታሪክ ከሀ እስከ ፐ እውነት ነው። ቅዱስ ኒኮላዎስ ምስክሬ ነው፤ ብዋሽ ጀልባዬ ወደብ ላይ እንደታሰረች ትስጠም። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የመምህራችን ወንበር ላይ የባሕር ጃርት ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን በሕግ አልተረጋገጠም።

ጎረቤቴ አርጊሪስ የደሴታችንን ብቸኛ አውቶቡስ ይነዳል፤ ከመንደራችን ወደ ወደቡ፣ ከወደቡ ወደ መንደራችን። ሚስቱ ዴስፒና ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ ከቤቱ ወጥቶ ሄደ። ሌሊቱን ኮርኒስ ሲያይ ያድርና ቀን መሪ ላይ ያንቀላፋል። ባለፈው በጋ አንድ ቀን መሪውን እንደጨበጠ ጭልጥ አለ። አውቶቡሱ መንገዱን በልቡ ስለሚያውቅ ጥቂት መታጠፊያዎችን ራሱ ታጠፈ። በመጨረሻ ግን መሀል መንገድ ላይ ፍየል ቆማ ነበርና፣ ለእሷ መንገድ ሲለቅ የኪራ ፎቲኒ ጓሮ ገባ። ከአሮጊቷ ቲማቲም በቀር የተጎዳ የለም።

የኩባንያው ሰው ከወደብ መጥቶ ቁርጡን ነገረው። የወይራ ለቀማ ሳይጀመር አዲሱን የመንገድ ሕግ ተፈትኖ ማለፍ አለበት፤ ከዚያ ተቆጣጣሪ ጎኑ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሳያንቀላፋ መንዳት። አለዚያ ቁልፉን ያስረክባል።

«ቁልፉን ከወሰዱብኝ አለቀልኝ» አለኝ።

«ጡረታ ትወጣለህ፣ አሣ ታጠምዳለህ። ምን ጎደለህ?»

«ፓንዴሊስ፣ ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። እሱም አንዱን ነገር ነው የሚደጋግመው። ደህና አደርክ የሚለኝ ሰው ያለው አውቶቡሱ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ለልጅህ ደውል» አልኩት።

ልጁ ካሊዮፒ ተሰሎንቄ ውስጥ የእንቅልፍ ሐኪሞች ዘንድ ትሠራለች። በስልክ ተቆጣችው፤ እኔም አጠገቡ ሆኜ ሰማሁ።

«አባዬ፣ ጠዋት ስትነሳ ስልክህን ሳትነካ ወደ ውጭ ውጣ። የጠዋት ብርሃን ዓይንህን ካላገኘው አንጎልህ መቼ እንደሚመሽ ይጠፋበታል። ከቀትር በኋላ ቡና የለም። የቀን እንቅልፍህን አሳጥር። እራትህን በጊዜ ብላ፣ መብራት ቀንስ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ተኛ፣ በአንድ ሰዓት ተነሳ።»

«ፈተናውስ?»

«መጽሐፉን ዝም ብለህ አትደጋግመው። አንዱን ገጽ አንብብና ክደነው፣ ከዚያ ራስህን ጠይቅ። የሳትከውን ከመተኛትህ በፊት እየው። የቀረውን ስትተኛ አንጎልህ ይሠራዋል።»

«እኔ ተኝቼ እሱ ይሠራል?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ እኔ ነቅቼ እሱ ነበራ የተኛው።»

መጀመሪያ ሳቅኩበት። ጎህ ሲቀድ ጣሪያው ላይ ይወጣና ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ይቆማል። እኔም ቡና ቤት ሄጄ፣ ከማዶ በጀልባ የምትመጣ ሙሽራ እየጠበቀ ነው ብዬ አወራሁ። ከሰዓት በኋላ ሙሽራይቱ መንታ እህት አላት ተብሎ ወሬው ወደ እኔው ተመለሰ። እሱ ግድም አልነበረው። ምሳ እንደበላ እስከ ነፋስ ወፍጮው ይራመዳል፤ እየተራመደ ራሱን ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ሲሳሳትም ራሱን ይሳደባል።

ከሳምንታት በኋላ እንቅልፉ ተመለሰ። ዓይኑ ሥር ያበጠው ጎደለ፣ አረማመዱ ፈጠነ። የማስታወስ ችሎታውም ከመሳሉ የተነሳ፣ የትኛዋ ፍየል በየትኛው ዓመት የት መታጠፊያ ላይ መንገድ እንደዘጋችበት ከነአባቷ ስም ይነግረኝ ጀመር።

ችግሩ ወንበሩ ነው። እኛ ሰፈር ሲመሽ ሁሉም ወንበሩን በሩ ላይ አውጥቶ ይቀመጣል። ወሬው እዚያ ነው፣ ኡዞ የምንለው አረቄም እዚያ ነው። ወንበሩን ያላወጣ ሰው ተቀይሟል ማለት ነው። ሁለት ወንድማማቾች በበለስ ዛፍ ተጣልተው አንደኛው ወንበሩን ለዓመታት ሳያወጣ ስለቀረ፣ ወንበሩ ቤት ውስጥ ሥር ሰዶ ቅጠል አወጣ። አርጊሪስ ሐዘን ላይ ሳለ እንኳ ወንበሩን ያወጣ ነበር። አሁን ግን ጨለም ሳይል እራቱን በልቶ መስኮቱን ይዘጋል።

መንደሩ በየራሱ ተረጎመው። ኪራ ፎቲኒ «ስለ ቲማቲሜ ስለጮህኩበት ነው» አሉ። የቡና ቤቱ ስታማቲስ «ለካ ቡናዬን እምቢ የሚለኝ ለዚህ ነው» አለ። ሁሉም የራሱን ጥፋት ፈለገ፤ ሲያጣ ጊዜ እሱም በተራው ተቀየመ። አውቶቡሱ ላይ መሳፈር ቀረ። ወደብ መውረድ የፈለገ በስታማቲስ የጭነት መኪና ከአሣ ሣጥን ጋር ተደርድሮ ይወርዳል።

ይኼን ሳይ ቡና ቤት ሄድኩ።

«አርጊሪስ አልተቀየመም፤ ተኝቶ ነው» አልኳቸው።

«ዶሮ ቆጥ በምትወጣበት ሰዓት?» አለ ስታማቲስ።

«አንጎሉ ሲተኛ ይማራል።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። «ሙሽራይቱስ ደረሰች?» አሉ ኪራ ፎቲኒ። «አንተ ልጅ፣ ዓሣ ነባሪ በገንዳ አሳድጌያለሁ ያልከን አንተ አይደለህም እንዴ?»

እኔ ነኝ። ምን ልበል።

ወደ አርጊሪስ ዞርኩ። «አንድ ምሽት ብቻ ወንበርህን አውጣ።»

«ካወጣሁ ኡዞ ያመጣሉ። ኡዞው ወሬ ያመጣል፣ ወሬው ሳቅ። ከዚያ ተነስቼ እገባለሁ። ከሳቅ መሀል ተነስቶ ባዶ ቤት መግባትን አንተ አታውቀውም። ዓይኔ አይከደንም፤ ጠዋት ደግሞ መሪ ላይ ነኝ።»

አውቀዋለሁ። እኔም ብቻዬን ነው የምኖረው። ግን ለቀልድ የሚመች ነገር ስላልሆነ አለፍኩት።

«ሰው እየራቀህ ነው» አልኩት።

«አይቻለሁ። ፈተናውን ልለፍና ይመለሳሉ።»

ፈተናውን አለፈ። የሳተው አንድ ጥያቄ ነበር፤ እሱንም ቢሆን የተሳሳተው ጥያቄው ነው ብሎ ፈታኙን አሳመነው። ተቆጣጣሪው ቀኑን ሙሉ ጎኑ ተቀምጦ ዋለ። ከሁለቱ ያንቀላፋው ተቆጣጣሪው ነው፤ ማንኮራፋቱን የሰሙ ጀልባዎች የመርከብ ጥሩምባ መስሏቸው መንገድ ለቀቁ። ማምሻውን ሲነቃ ወደ ኋላ ዞሮ አየ።

«ሾፌሩ ደህና ነው» አለ። «ተሳፋሪው የታለ? ቀኑን ሙሉ ባዶ መቀመጫ ስናመላልስ ዋልን። ሰው የማይሳፈርበትን መስመር ኩባንያው ይዘጋዋል።»

አርጊሪስ ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ቆሞ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ኪራ ፎቲኒ ሊጣሉት መጡ። ቀና ሲሉ ጣሪያው ላይ ብርሃኑን እየጠበቀ አገኙት።

«ምን ታደርጋለህ እዚያ?»

«እንቅልፌን አስተካክላለሁ፣ ኪራ ፎቲኒ።»

«ከእኔ ጋር አልተጣላህም?»

«ቲማቲምዎን የፈጀሁት እኔ፣ የምጣላው እኔ?»

አሮጊቷ የእንቁላል ቅርጫታቸውን ይዘው መጀመሪያ ተሳፈሩ። ቀጥሎ ስታማቲስ፣ ቀጥሎ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ቀጥሎ መንደሩ በሙሉ። መቀመጫው ስላልበቃ ሰው ወንበሩን ከየቤቱ አምጥቶ በመተላለፊያው ላይ ደረደረ። ሁሉም በየተራ ደህና አደርክ ሲለው አርጊሪስ እየመለሰ እየመለሰ ሞተሩን ማስነሳት ረሳ።

እስቲ አንድ ነገር ልናዘዝ። ፍየሏ እውነት ናት። ሥር የሰደደው ወንበርም እውነት ነው፤ የፈለገ መጥቶ ይነቅንቀው። ተሳፋሪዎቹን ግን እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። ኪራ ፎቲኒ በዚያ ጠዋት መስኮታቸውን እንኳ አልከፈቱም። የተሳፈርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«ወዴት ነው?» አለኝ አርጊሪስ።

«ወደብ።»

«ወደብ ምን አለህ?»

«ምንም የለኝም።»

ቲኬት ቆረጠልኝ። ወርደን ባሕሩን አየንና ተመለስን። ከሰዓት በኋላም ተሳፈርኩ።