የእንጨቱ ፈረስ ባለቤት

አናጺው አባታችን የእንጨቱን ፈረስ የቀረጸው ለእኔ ነው፤ ያኔ ታናሽ እህቴ አልተወለደችም።

የምሠራው ቪዲዮ ጌም የሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነው። እንቅስቃሴ የሚከታተል ካሜራ ይዤ እውነተኛ ዕቃ እየዞርኩ እቀርጻለሁ፤ የቀረጽኩት ጌሙ ውስጥ ይገባል። አለቃችን ለጌሙ ጀግና ሴት የሚሆን ፈረስ ሲፈልግ የእኔን ከቤት አመጣሁ። እኔን ማንም ባያውቀኝ ፈረሴን ያዩታል ብዬ ነበር።

መቅረጽ እንደጀመርኩ እህቴ የረሳሁትን ስልክ ይዛልኝ ቢሮ መጣች።

"እዚያ ጋ ዞር በይ፤ ካሜራው ያገኘውን ሁሉ አብሮ ይወስዳል" አልኳት።

"ጅብ ነው በይኛ!" ብላ ፈረሱ ላይ ጉብ አለች። ስትስቅ ደግሞ ያምርባታል።

አለቃዬ ከኋላዬ ሆኖ ስክሪኑን ሲያይ አላወቅኩም።

"ማን ናት?"

"እህቴ።"

"ጀግና ፍለጋ አገር ስናስስ አንቺ ቤት ደብቀሻታል?"

እንደምንም ፈገግ አልኩ።

"ጀግናችን እሷ ናት። ፈረሱን ቆርጠሽ አውጪው፤ ሌላ እንተካለን" አለኝ።

ካሜራው ግን የተነካካ ነገር መለየት አይችልም፤ ጭኗንና የፈረሱን ጀርባ አንድ ገላ አድርጓቸዋል። የገዛ ፈረሴን ከስክሪኑ ላይ ጥቂት በጥቂቱ እየፋቅኩ ዋልኩ። መጨረሻ ላይ እህቴ እግሯን ከፍታ አየር ላይ ቀረች።

"ሽንት ቤት የተቀመጠች መሰለች እኮ!" አለ አለቃዬ። ሌላ ፈረስ ብናስገባላት እግሯ አልገጥም አለ። እንደገና እንቅረጻት ስለው ደግሞ "ያን ሳቅ ከየት እናመጣዋለን? በይ ፈረሱን መልሺው" አለኝ።

መለስኩት። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ቢሮው ሁሉ "የልጅቷ ፈረስ" ይለው ጀመር።

ጌሙ ሲያልቅ ቤት ወስጄ ለቤተሰቤ አሳየሁ። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ።

"ይሄን ፈረስማ አውቀዋለሁ!" አለና ወደ እህቴ ዞረ። "ለአንቺ የሠራሁልሽ አይደል እንዴ?"

"አዎ አባዬ" አለች፣ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ካለችው ከራሷ ሳትነቅል።

"የኔ ነው!"

ድምፄ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ። እናቴ ሳይቀር ዞራ አየችኝ።

"ኧረ ውሰጂው፣ ማን ቀማሽ?" ብላ እህቴ ሳቀች፤ ያንኑ ሳቅ።

አባዬ አንዴ ስክሪኑን አንዴ እኔን አየ።

"ታዲያ የኔ ልጅ" አለኝ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት፣ "አንቺ ለምን አልወጣሽበትም?"